የአገረ ገዢው እናት ገንፎ

አንድ በትውልዱ የሚኮራ አገረ ገዢ ከደጋ ተሹሞ ማሽላ አብቃይ ወደሆነ ቆላ ወረደ። ሚስቱ በወለደች ለት የሰፈሩ ሴቶች እንደ ልማዳቸው ተሰብስበው ገንፎ ሲያማስሉ፣ ጓዳ ድረስ ዘልቆ ድስቱን አየና ፊቱን አኮሳተረ።

“ይሄ የማሽላ ምርጊት ነው ገንፎ? ገንፎ የገብስ ነው! ገንፎን ለዓለም ያስተማሩት፣ እኔን በወለዱ ለት፣ እናቴ ናቸው። ከዚያ በፊት ገንፎ የሚባል ነገር በምድር ላይ አልነበረም። እናንተ ሰምታችሁ በማሽላ አበላሻችሁት። ይህን የሚክድ ይገረፋል!”

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ማማሰያውን የያዘችው ግን ማማሰሏን አላቆመችም።

“አንቺስ፣ ትክጃለሽ?” አላት።

“ኧረ እኔ አልክድም፣ ጌታዬ። ያሳዘነኝ ሌላ ነው። እኛ አገር አራስ ከተኛችበት አትነሣም፤ ገንፎዋን የሚሠራላት ደስ ብሎት የመጣ ጎረቤት ነው። እናትዎ ገና እንደ ወለዱ ተነሥተው፣ ራሳቸው ፈልስፈው፣ ራሳቸው አማስለው ከበሉማ፣ እርስዎ ሲወለዱ ደስ ያለው አንድ ጎረቤት እንኳ ጠፋ ማለት ነው?”