ላቀው የመረጠው የፍጥነት መለኪያ

አንድ በነፋስ የሚሄድ ጋሪ የሚነዳ ሰው ነበር፤ ስሙ ላቀው ይባላል። የሚኖረው ከአንድ ትልቅ ሐይቅ አጠገብ፣ በሰፊ የጨው ሜዳ ዳር ነው። ሜዳው ደልዳላ፣ ነፋስም የማይጠፋበት ስለሆነ የዚያ አገር ሰው በቅሎም መኪናም አያስፈልገውም። ባለ ሦስት ጎማ ቀላል ጋሪ ይሠራል፣ መሐሉ ላይ ምሰሶ ይተክላል፣ ሸራ ይወጥራል፤ የቀረውን ነፋሱ ይሠራለታል። ጨው የሚጫነው፣ እህል የሚመጣው፣ ሙሽራም ወደ ባሏ ቤት የምትሸኘው በዚሁ ጋሪ ነው።

ላቀው ጎበዝ ነጂ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ጎበዝ መሆን ብቻ አልበቃ አለውና ከሁሉም በላይ መሆኑን በቁጥር ማወቅ አማረው። ለዚህ ያበቃችው ወርቂቱ የምትባል ነጂ ነች። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ አንድ ቀን እሱ ይቀድማል፣ ሌላ ቀን እሷ ትቀድማለች። ገበያ ላይ በተገናኙ ቁጥር በዚህ ይከራከራሉ፤ ክርክሩም ሰዉን ከማሳቅ በቀር መቋጫ አላገኘም።

አንድ የገበያ ቀን ከከተማ የመጣ ነጋዴ የፍጥነት መለኪያዎች ዘርግቶ ተቀመጠ። ላቀው ወሬውን ሲሰማ ጨውን እንኳ ሳያራግፍ ሮጦ ሄደ። ነጋዴው ሦስት ዓይነት ዕቃ አሳየው። አንደኛው ጎማ ላይ ታስሮ የጎማውን ዙር የሚቆጥር ነው። ሁለተኛው ትንሽ ሳጥን ሆኖ ከሳተላይት ጋር እየተነጋገረ የተሄደውን መንገድ የሚለካ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ምሰሶው ጫፍ ላይ የሚሰቀል፣ እንደ ሲኒ ያሉ ጎድጓዳ ነገሮች ያሉት፣ ነፋስ ሲነካው እየተሽከረከረ በትልቅ ክብ ሰሌዳ ላይ መርፌ የሚያንቀሳቅስ ነው።

ነጋዴው ቅን ሰው ነበርና ሦስቱንም ጋሪው ላይ አስሮ እንዲሞክራቸው ፈቀደለት። ላቀው ሸራውን ወጥሮ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረ። ጎማ ላይ ያለው ሠላሳ አለ። ሳጥኑም ሠላሳ አለ። የምሰሶው መርፌ ግን ሃምሳን አልፋ ሄደች።

ላቀው ፊቱ እያበራ ተመለሰና ባለ መርፌውን እንደሚፈልግ ተናገረ።

«ወንድሜ፣ እሱ የሚለካው ነፋሱን ነው፤ አንተን አይደለም» አለው ነጋዴው። «ሳጥኑን ብትወስድ ይሻልሃል።»

«ጋሪዬን የሚነዳው ነፋሱ አይደል? እንግዲያው የእሱ ፍጥነት የእኔ ፍጥነት ነው» አለ ላቀው።

ነጋዴው ሁለቱ መለኪያዎች አንድ ዓይነት ቁጥር መናገራቸውን ሊያስታውሰው ሞከረ። ላቀው ግን ይህን የወሰደው ሁለት ሰዎች ተመካክረው እንዳሙት አድርጎ ነበር። ባለ መርፌውን ገዝቶ ሄደ። ከኋላው የመጣችው ወርቂቱ ሦስቱንም ሞክራ፣ ሠላሳ ሲላት ትንሽ ቅር ብሏት፣ ሳጥኑን ወሰደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላቀው ሌላ ሰው ሆነ። ሰሌዳውን ሰው ሁሉ እንዲያየው ከመቀመጫው ፊት አሰረው። መርፌዋ ከፍ ስትል ልቡም አብሮ ከፍ ይላል። ሸራው ተቀዶ ሳይሰፋው ይውላል፣ ጎማው ግራሶ አጥቶ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ መርፌዋ ሃምሳ እስካለች ድረስ ምን ጎደለኝ ብሎ ይመረምራል?

በዚህ መሐል የሠርግ ወራት መጣ። ትርንጎ የምትባል ልጅ ከሜዳው ማዶ ላለ ሰው ታጭታ ነበርና እሷንና አጎቷን ጋሽ ይፍሩን የማሻገሩ ክብር ለላቀው ተሰጠ። ሚዜዎቿንና ሻንጣዋን የምትጭነው ወርቂቱ ነች።

በዚያ ሜዳ ሁሉም የሚፈራው አንድ ነገር አለ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይዞርና የሐይቁን ውኃ እየገፋ ሜዳውን ያለብሰዋል። ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ግን የጨውን ቅርፊት አሟሙቶ ጭቃ ስለሚያደርገው ጎማ ይውጣል። ስለዚህ ተሻጋሪ ሁሉ በጠዋት ይነሳል።

በሠርጉ ቀን ወርቂቱ ሳጥኗን ተመልክታ መንገዱ ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ አሰበችና ሚዜዎቹን አጣድፋ ወጣች። በሙሽራዋ ቤት ግን ምርቃቱም ዘፈኑም አላልቅ አለ። ጋሽ ይፍሩ ፀሐይዋን እያዩ ሲጨነቁ ላቀው ተረጋግተው እንዲበሉ ነገራቸው። እሱ በሃምሳ የሚሄድ ሰው ነው፤ በአንድ ሰዓት ገደማ ያሻግራቸዋል። ከዚህ በፊት በሁለት ሰዓት ሲሻገር የነበረው ጨው እየጫነና በየመንገዱ እየቆመ ስለሆነ እንጂ ጋሪው ሰንፎ አይደለም። እንዲህ ብሎ ራሱም አምኖ፣ ሦስተኛ ሳህን ወጥ አስጨመረ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ተነሱ። ነፋሱ በረታ፣ መርፌዋ ስልሳ ነካች፤ ላቀውም በደስታ ማንጎራጎር ጀመረ። አንድ ሰዓት ሲያልፍ ግን ማዶ ያለው መንደር ገና እንደ ጉም ብዥ ብሎ ነበር የሚታየው። መንደሩ ቦታ የቀየረ መሰለው። ወዲያው በስተቀኝ በኩል ሜዳው መስታወት መስሎ ሲያብረቀርቅ አየ። ውኃው መጥቷል። ሸራውን በኃይል ሳበ፣ ጎማዎቹ ጥቂት ተንሸራተቱ፣ ቀጥሎ ጋሪው እየከበደ ሄዶ ጭቃው ውስጥ ቀጥ አለ።

ላቀው ወርዶ ገፋ። ጋሽ ይፍሩም ሱሪያቸውን ሰብስበው ገፉ። ጋሪው ወይ ፍንክች። ነፋሱ ግን አልቆመም ነበርና የምሰሶው ሲኒዎች እንደ ጉድ ይሽከረከራሉ።

ትርንጎ ሰሌዳውን ስታይ ቆየችና ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ ጠየቀችው።

«ጋሽ ላቀው፣ ቆመናል አይደል?»

«ቆመናል፣ ሙሽሪት።»

«ታዲያ ይሄ ዕቃ አርባ የሚለው ማን ሲሮጥ አይቶ ነው?»

ላቀው መርፌዋን አየ። ጎማው እስከ ግማሹ ተውጦ፣ እሱም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ መርፌዋ አርባ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ነጋዴው የነገረው ያን ጊዜ ገባው። ላቡ ከጭቃው ጋር ተደባልቆ ፊቱ ላይ ወረደ። የሰው ልጅ ሠርግ አበላሽቻለሁ ብሎ መሬት ብትከፈትለት በወደደ ነበር።

«ነፋሱ ነው የሚሮጠው» አለ በመጨረሻ። «እኔ ሃምሳ ሄጄ አላውቅም።»

ትርንጎ ሳቋ አመለጣት። ጋሽ ይፍሩ ሊቆጡ አፋቸውን እንደከፈቱ ሳቁ ተጋባባቸው። ሙሽራዋ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ፣ ሠርጉ እንዳያልፋት ውኃውን እየመታች በእግሯ ጉዞ ጀመረች። ላቀው ጃንጥላዋን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ተከተላት።

ማዶ ደግሞ ወርቂቱ በጊዜ ደርሳ ላቀው መዘግየቱን ስታይ ነገሩ ገብቷት ነበር። እሷ በነገረቻቸው መሠረት ሙሽራው፣ ሚዜዎቹና የመንደሩ ጎረምሶች ከበሮ ይዘው ውኃው ውስጥ ገቡ። መሐል መንገድ ላይ ተገናኙ። እልልታው የተጀመረውም፣ ሙሽሮቹ የተያዩትም፣ ጭፈራው የደራውም እዚያው ጭቃ ውስጥ ነው። የሙሽራው እናት እስከ ዛሬ ድረስ እንደዚያ ያለ ሠርግ አላየሁም ይላሉ።

ላቀው ጋሪውን አስወጥቶ፣ ባለ መርፌውን አውልቆ፣ በሚቀጥለው ገበያ ሳጥኑን ገዛ። ሳጥኑ ሃያ ዘጠኝ አለው። ቁጥሯ አሳፈረችው፤ ግን ስላሳፈረችው የተቀደደውን ሸራ ሰፋ፣ ሃያ ዘጠኝ ሠላሳ አንድ ሆነ። ጎማውን ግራሶ ቀባ፣ ሠላሳ ሦስት ሆነ። የማይጠቅም ሳንቃ ከጋሪው ነቀለ፤ ገመድ መቼ መሳብ፣ መቼ ማላላት እንዳለበት ቁጥሩን እያየ ተማረ። ዓመት ሳይሞላ ወርቂቱን ደጋግሞ መቅደም ጀመረ። በዚያ ዓመት ሳጥኑ አንድም ቀን ሃምሳ ብሎት አያውቅም፤ እሱ ግን በሕይወቱ እንደዚያ ፈጥኖ አያውቅም።

እኛም ራሳችንን የምንለካበት ብዙ ነገር አለ፤ የሰው ጭብጨባ፣ የወንበራችን ከፍታ፣ በዙሪያችን ያለው ግርግር። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚለኩት በአጠገባችን የሚያልፈውን ነፋስ ነው፤ እኛ ቆመን እንኳ ሩጫችሁ ግሩም ነው ይሉናል። ትንሽ ቢሆንም እውነተኛውን ቁጥር የሚነግረን መለኪያ ቢያስከፋንም የት እንዳለን ያሳየናል፤ መሻሻል የሚጀመረው ከዚያ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ዛሬ የምታየው መለኪያ ጋሪህ ቢቆም ይነግርሃል?