ይዞት የቆየው ቦታ

ሐኪም የሌላት አንዲት የገበያ ከተማ ነበረች። የታመመ ሰው በቃሬዛ ተይዞ ወደ ሩቅ ሆስፒታል ይወሰድ ነበር፤ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞቱ ነበር። በአንድ ክረምት ወላዶች ተከታትለው ሲሞቱባቸው የገበያው ነጋዴዎች ተሰብስበው መከሩ። ከየሽያጫቸው እያዋጡ የከተማቸውን ልጅ ጤና ኮሌጅ ሊያስተምሩ ተስማሙ። አቅማቸው የሚፈቅደው ግን አንድ ሰው ብቻ ስለነበር፣ የመጀመሪያው ሲጨርስ ሌላው ይተካል ተባለ።

በኮሌጁ መግቢያ ፈተና አንደኛ የወጣው አንሙት የሚባል የአናጢ ልጅ ነበር። ከእሱ በጥቂት ነጥብ ዝቅ ብላ ሁለተኛ የወጣችው ደግሞ የሸማኔው ልጅ ዘውድነሽ ናት። ዕድሉ ለአንሙት ደረሰ። ዘውድነሽ ቅር ቢላትም እጁን ጨብጣ «በል፣ ቶሎ ጨርስልኝ» ብላ ሳቀች።

የነጋዴዎቹ ሰብሳቢ ቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ ይታይሽ ነበሩ። አንሙትን ከመሸኘታቸው በፊት ሰው በተሰበሰበበት አቁመው እንዲህ አሉት።

«ስማኝ ልጄ። ይህን ዕርዳታ ያገኘኸው ለምነህ አይደለም፤ ተፈትነህ አልፈህ ነው። አስተማርኩህ ብሎ እንደ አሽከር ሊያዝህ የሚፈልግ ቢመጣ ለእኔ ንገረኝ። ብትታመም ወይም ትምህርቱ ቢከብድህ፣ ጠብቁኝ ማለት መብትህ ነው፤ እንጠብቅሃለን። እኛ ደግሞ ከአንተ የምንፈልገው አለ። ተማር፤ ስትጨርስ ተመልሰህ አክመን፤ የገጠመህን ነገር አትደብቀን። ተራዋን የምትጠብቅ ልጅ እንዳለች አትርሳ።»

«እሺ እትዬ፣ አልረሳም» አለ አንሙት። የዚያን ቀን ከልቡ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት መልካም ሆነለት። በየጊዜው እየደወለ ውጤቱን ይናገር ነበር፤ ወይዘሮ ይታይሽም የሰሙትን ገበያ ለገበያ እየዞሩ ያወሩለት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ታይፎይድ ይዞት አልጋ ላይ ዋለ። ሲነሳ የማጠቃለያው ፈተና አምልጦት ነበር።

የኮሌጁ የተማሪዎች አማካሪ አስጠርተው አነጋገሩት። «ዘንድሮን አቋርጠህ በመስከረም መመለስ ትችላለህ። ደንቡ ይፈቅድልሃል፤ ማንም አይከለክልህም» አሉት። «የሚያስተምሩህን ሰዎች ግን ዛሬውኑ ንገራቸው። የአንተ ጉዳይ ስለሆነ እኛ አንናገርብህም። መናገር ያለብህ አንተ ነህ።»

አንሙት ከቢሮው እንደወጣ ደወለ። አፉን ሳይከፍት ወይዘሮ ይታይሽ ቀደሙት።

«ጎበዙ ልጄ! አሁን ስላንተ እያወራን ነበር እኮ። ትምህርቱ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው እትዬ» አለ።

በልቡ ነገ እነግራቸዋለሁ ብሎ ስልኩን ዘጋ። በማግስቱ ደግሞ ትናንት ጥሩ ነው ማለቱ አሳፈረውና ለሌላ ቀን አሳደረው። ወደ ኋላ ቀርቶ ከአዲሶቹ ተማሪዎች ጋር መቀመጡ በታየው ቁጥር ወደ ኮሌጁ መሄዱን ይሸሽ ጀመር። ዛሬ ነገ ሲል የመመለሻው ቀን አለፈ። ነጋዴዎቹ የሚልኩለት ገንዘብ ግን አልቀረም ነበር። እሱም ከኮሌጁ ጀርባ ቤት ተከራይቶ፣ በዚያ ገንዘብ እየበላ፣ ቀኑን ከረንቡላ ቤት ይውል ነበር።

ለበዓል አገሩ ሲገባ ሰው ሁሉ እየሳመ «ዶክተር» አለው። አንድ ሽማግሌ ሱሪያቸውን ሰብስበው ያበጠ እግራቸውን አሳዩት። አንሙት በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አየና «ውኃ በብዛት ይጠጡ» አላቸው። ሽማግሌው መረቁት። ምርቃቱን ሲቀበል አንገቱን እንደደፋ ቀረ፤ ሰዎቹ ትሕትና መሰላቸው።

ዘውድነሽ አባቷን በሽመናው እያገዘች፣ ለትዳር የመጣውን ሁሉ እየመለሰች ትጠብቅ ነበር። ለብቻው ስታገኘው «ኮሌጁ የቆየ ውጤት አይቀበልም ሲሉ ሰማሁ። አንተ እስክትጨርስ የእኔ ይቆይ ይሆን?» አለችው።

«ይቆያል፣ አታስቢ» አላት። አያውቅም ነበር። አልጠየቀምም።

ሌላም ዓመት እንዲሁ አለፈ። አንድ ቀን ከረንቡላ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሳለ ወደ ኮሌጁ በር ቢመለከት ወይዘሮ ይታይሽን አያቸው። ስንቅ የቋጠሩበትን ዘንቢል ይዘው ከጥበቃው ጋር ይከራከራሉ።

«እናቴ፣ ነገርኩዎት እኮ። ይሄ ልጅ ትምህርቱን ከተወ ቆየ» ይላል ጥበቃው።

«ስሙን ተሳስተህ ነው! የእኔ ልጅ ሐኪም ሊሆን የሚማረው ነው። ገብተህ ጠይቅልኝ አልኩህ!»

አንሙት ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ተሸሸገ። ሴትዮዋ ስለ እሱ ሲሟገቱ፣ አላፊ አግዳሚው ሲስቅባቸው ከዚያ ሆኖ ሰማ። ቢሄድ ማንም አያየውም ነበር። እሳቸው ግን በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው «ከክፍል ሲወጣ አገኘዋለሁ» ሲሉ ጊዜ ጥሎ መሄድ አልቻለም። መንገዱን ተሻግሮ ፊታቸው ቆመ።

ወይዘሮ ይታይሽ መጀመሪያ ደስ አላቸው። ከዚያ ፊቱን አዩና ዘንቢሉን መሬት ላይ አኖሩ።

«እውነቱን ነው?» አሉ ወደ ጥበቃው እየጠቆሙ።

«አዎ፣ እትዬ። ታምሜ ነበር።»

«ታመህ? ብትታመም እንጠብቅሃለን አላልኩህም?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ ምን አፍህን ያዘው?»

«አፈርኩ።»

ወይዘሮ ይታይሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከድንጋዩ ተነሡ። «እኔ ጠዋት ወደ ሬጅስትራሩ የገባሁት ስለ ዘውድነሽ ልጠይቅ ነበር» አሉ። «ባለፈው መስከረም ብትመጣ ኖሮ እንቀበላት ነበር፣ አሁን ውጤቷ ጊዜው አልፎበታል አሉኝ። ባለፈው መስከረም አንተ የት ነበርክ፣ አንሙት?»

አንሙት የት እንደነበረ ያውቃል። ከረንቡላ ቤቱ ከቆሙበት ይታያል።

አብረው አገር ገቡ። አንሙት ነጋዴዎቹ ፊት ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። ይቅርታ ሲል ዘውድነሽ ከኋላ ተነሣች።

«ታመምኩ ብትል መጥቼ አስታምምህ ነበር» አለችው። «ወደቅኩ ብትልም አንተን ደግመው ያስተምሩህ እል ነበር። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ይቆያል ያልከኝ አውቀህ ነው፣ ሳታውቅ?»

«ሳላውቅ።»

«እኔ እኮ አመንኩህ» ብላ ወጣች። ሌላ ክፉ ቃል አልተናገረችም። ሰድባው ቢሆን ይሻለው ነበር።

ነጋዴዎቹ ግን ተናደዱ። «ከእንግዲህ ለማንም ልጅ አናዋጣም!» ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹ። ወይዘሮ ይታይሽ «አንድ ሰው ባጠፋ ስለምን ያላጠፉት ይቀጣሉ?» ብለው ለመኑ። የሰማቸው የለም። ማኅበሩ ፈረሰ። ዘውድነሽ በዚያው ዓመት ተዳረች። አንሙት አባቱ ዘንድ እንጨት ይልጋል፤ ዶክተር የሚለው የለም፣ የሚወቅሰውም እየቀነሰ ሄዷል። ከተማዋ ግን እስከ ዛሬ ሐኪም የላትም።

ይህን ታሪክ የምታነቡ፣ በተለይ በሰው ዕርዳታ የምትማሩ ሆይ፣ አንሙትን የጣለው በሽታው አይደለም። ሲታመም ጠብቁኝ የማለት መብት ነበረው፤ ታምሜያለሁ ብሎ የመናገር ግዴታም ነበረበት። ሁለቱም በአንዲት ስልክ ይፈጸሙ ነበር። መብቱን ሳይጠይቅ ግዴታውንም ሳይወጣ ዝም አለ፤ በዝምታውም የሌላ ሰው ቦታ ይዞ ተቀመጠ። ዕርዳታ ስንቀበል የምንቀበለው ለራሳችን ብቻ አይደለም፤ ከኋላችን የቆመው ሰው ዕድልም በእጃችን ነው። ስለዚህ ደንቡን እወቁ፤ የተፈቀደላችሁን ሳታፍሩ ጠይቁ፤ የተቸገራችሁ ቀን በጊዜው ተናገሩ።

ዕርዳታ የምትሰጡትም ልብ በሉ። የዘውድነሽን በር የዘጋው አንሙት ነው። ከእሷ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ በሩን የዘጋው ግን ማን ነው?