የሃምሳው ጾም

አንድ ሰው ነበረ። ዝናቡ ሲገባበት አልጋውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየጎተተ፣ «በዚህ ቤት መቼም ለቆርቆሮ የሚተርፍ ነገር አይጠፋም፤ ፈልጊ» አላት ሚስቱን። እሷ በሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ገበቴ እየደቀነች ነበር። ቀና ብላ አየችውና «እሺ፣ እፈልጋለሁ» አለች።

አንተም ትናንት የጠየቅኸኝ ይህንኑ ነው። ሚስቴ ከአስቤዛው ትንሽ ትንሽ እያተረፈች ነው፤ ከዚህ በላይ ከየት ይገኛል አልከኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የማውቀው የዚህን ሰው ነገር ነው። ተቀመጥና ስማ።

ሰውየው ወፍጮ ቤት ይሠራል። የሰው እህል ሲፈጭ ውሎ ማታ ካፖርቱ በዱቄት ነጭ ሆኖ ይገባል። ሚስቱ በር ላይ ተቀብላ ካፖርቱን ታራግፍለታለች። ሦስት ልጆች አሏቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶ የሱ ብቻ የሣር ክዳን ነበረ። ከዝናቡ ይልቅ ያስቸኮለው እፍረቱ ነው።

ወሩ ሲያልቅ ሚስቱ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ፣ ከአስቤዛው የተረፈ ብላ ገንዘብ ሰጠችው። «አየሽ? ፈላጊ አጥቶ ነው እንጂ ነበረ» አላት። በሚቀጥለውም ወር ሰጠችው። በሦስተኛው ወር ሰውየው፣ ይህን ያህል ከተረፋት የምሰጣት በዝቷል ማለት ነው ብሎ አስቤዛውን ቀነሰ። እሷ አሁንም ቋጠሮዋን ፈታች። ልጆቹ አልከሱም፤ የሱም ራት አልጎደለም። ከየት እንደሚመጣ አልጠየቀም። የሚገባ ገንዘብ ማን ይጠይቃል?

ሴትዮዋ በዚያው ሰሞን መጾም አበዛች። ረቡዕና ዓርብ የሁሉም ነው። እሷ ግን የጽጌን ጾመች፤ እሱም ሲያልቅ ሰው የማይጾመውን ሰኞና ማክሰኞ ጨመረች። ጠዋት ቁርስ ብይ ሲላት «ጾም ነኝ» ትላለች። ማታ ራቱን አቅርባ እጇን ሰብስባ ስትቀመጥ «አንቺስ?» ሲላት፣ «በዘጠኝ ሰዓት ከልጆቹ ጋር ቀምሻለሁ» ትላለች። ሰውየው በልቡ፣ የነፍስ አባታችን ንስሐ ሰጥተዋት ይሆናል አለ። ንስሐ ደግሞ አይጠየቅም። ባልም ቢሆን፣ ምን ብለሽ ተናዘዝሽ አይልም።

ወፍጮ ቤት አንዱ ባልደረባው፣ «ሥራ ተከፋፍላችኋላ፤ አንተ ትበላለህ፣ እሷ ትጾማለች» ብሎ ቀለደበት። ሌላው ደግሞ ጆንያ እያነሣ፣ «ይህን ያህል የሚያስጾም ኃጢአት ግን ምን ይሆን?» አለ። ሳቁ። ሰውየውም አብሮ ሳቀ፤ ነገሩ ግን ሆዱ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሚስቱን በጎን ያያት ጀመር። ስትከሳ፣ ጸጸት ነው የሚያከሳት አለ። አየህ ክፋቱን? በረሃቧ ላይ ሐሜት ጨመረባት።

በሁለተኛው ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ቆርቆሮው ተመታ። ሰውየው አዲሱን ቤት ጸበል እንዲረጩለት የነፍስ አባታቸውን ጠራ። ቄሱ ረጩ፤ ባረኩ፤ ለማዕድ ተቀመጡ። ለቤቲቱ እመቤት ብለው አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉላት። እሷም አፏ እንደለመደው፣ «ጾም ነኝ፣ አባ» አለች።

የቄሱ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። «በሃምሳው?» አሉ።

አንተም ታውቀዋለህ፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳውን ቀን ጾም የለም። ረቡዕም ዓርብም ይበላል። ሰውየው ደንግጦ፣ «እርስዎ ያዘዙባት መስሎኝ እኮ ነው» አላቸው።

«እኔ በዚህች ልጅ ላይ የጫንኩት ጾም የለም» አሉ። ከዚያ አዲሱን ጣሪያ ቀና ብለው አዩ፤ ዝቅ ብለው የእጇን አንጓ አዩ። «ማን ጫነባት?» አሉ።



ጉርሻውን ተቀበለች፤ ግን አልወርድ አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተት መጣ፣ ሥጋ ተገዛ፣ የተረፈው የቆርቆሮ ምስማር ሳይቀር ተሸጠ። ሆዷ መቀበል ረስቷል። ሐኪሙ፣ ዘግይታችኋል አለ። ትልቋ ልጅ ያኔ ነው የተናገረችው። እናቷ ማታ ማታ የአባቷን ካፖርት ገበቴው ላይ እያራገፈች፣ የረገፈውን ዱቄት በውኃ በጥብጣ ትጠጣ ኖሯል። ሰውየው ማራገፏ ለንጽሕና ይመስለው ነበር።

ሰኔ ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። አንድ ጠብታ አልገባም። እሷ በሦስተኛው ቀን ሞተች።

እንግዲህ ልጄ፣ ጠባብ ኑሮ ሁለት ሰው የተኛበት ጋቢ ነው፤ አንዱ ወደ ራሱ ሲስበው ሌላው ይራቆታል። ጋቢው ግን አልሰፋም። አንተም ትርፍ ተገኘ ብለህ ደስ ብሎህ መጣህ። ከማን ላይ ተስቦ እንደመጣ አላየህም። ዛሬ ቤትህ ስትገባ ሚስትህ ቋጠሮዋን ብትፈታ አትቀበላት። ከአንድ ማዕድ አብረሃት ብላ፤ ስትውጥም እያት።

የሰውየውን ማንነት ጠየቅኸኝ። ቀና በልና ይህን ቆርቆሮ እይ። ይኸው እስከ ዛሬ አላፈሰሰም። በዚያ በመጨረሻው ቀን እዚሁ፣ አሁን አንተ የተቀመጥክበት መደብ ላይ ተኝታ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ዓይኗን ከጣሪያው ላይ ሳታነሣ መለሰችልኝ፤

«ፈልጊ አልከኝ እንጂ፣ ከየት አገኘሽው አላልከኝም።»