ወራጅ አለ፣ በሰው አገር

አንድ ቀን የኮልፌው ልጅ ምንተስኖት፣ ሹፌር በሌለው አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ፣ አፉን ከፍቶ ዙሪያውን ያያል። የት ነው ካላችሁ ቻይና ነው። የትራንስፖርት ምሕንድስና ሊማር ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው የውጭ አገር ተማሪዎቹን ሰብስቦ በአንድ ሳምንት ሦስት አዳዲስ ከተሞች ሊያስጎበኛቸው ይዟቸው ወጥቷል፤ ይሄ ሦስተኛው ነው።

እስከዚያ ድረስ ምንተስኖት በደስታ አብዶ ነበር የሰነበተው። በመጀመሪያው ከተማ ሰባ ፎቅ በአሳንሰር ሲወጡ፣ አጠገቡ የቆሙትን ሽማግሌ እንደ አገሩ ወግ ሰላም ማለት ጀመረ። እንዴት ዋሉ ብሎ፣ ጤናዎትስ ብሎ፣ ገና ልጆቻቸው ጋ ሳይደርስ በሩ ተከፈተና ሰባኛው ፎቅ ላይ ናቸው። ሽማግሌው ሠላሳኛው ላይ መውረድ ነበረባቸው፤ ሰላምታው ጥሟቸው ረስተውት ነው። በሁለተኛው ከተማ ደግሞ ባቡሩ ከመፍጠኑ የተነሳ፣ በመስኮት ያያትን ላም «ያቻትና» ብሎ ለጓደኛው ሳያሳያት ሌላ ክፍለ ሀገር ገቡ። ሦስተኛው ከተማ ከአምስት ዓመት በፊት የሩዝ ማሳ ነበር አሉ። አሁን እንደ ቡሆ ኩፍ ይላል። ጠዋት በእግር ያለፉበት መንገድ ከሰዓት በኋላ ድልድይ ይወጣበታል።

በቡድኑ ውስጥ ሌላ አንድ ሐበሻ ነበር፤ ኃይለልዑል ይባላል። የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፉን ለመጨረስ ሁለት ምዕራፍ ይቀረዋል፤ ግን ካሁኑ ዶክተር ካላላችሁኝ ባይ ነው። የማያውቀው ነገር የለም። ሳምንቱን ሙሉ ሥራው ምንተስኖትን መቆጣጠር ሆነ።

«አፍህን ግጠም እንጂ» ይለዋል በጆሮው። «ሕንጻ አይተን የማናውቅ ታስመስለናለህ።»

«እንዲህ ያለውንማ መቼ አየሁና፣ ዶክተር» ይላል ምንተስኖት፣ አንገቱን ወደ ላይ እንደቀሰረ።

አውቶቡሱ ውስጥ የሚያስጎበኟቸው የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ኃላፊ ሚስተር ሊያንግ ናቸው። አውቶቡሱን የሚወዱት እንደ ልጃቸው ነው። ወንበሩን እየደባበሱ «ሹፌር የለውም፤ ረዳት የለውም» አሉ። «አይደክመውም፤ አይቆጣም፤ አይሳሳትም። የስንት አገር እንግዳ መጥቶ አይቶታል፤ እንከን ያወጣለት ግን የለም። ከእናንተ መሀል አንድ ጉድለት ያገኘልኝ ተማሪ ካለ፣ ሦስት ወር ቢሯችን ገብቶ ከመሐንዲሶቻችን ጋር ይሠራል።»

ምንተስኖት ይህን ሲሰማ ልቡ ዘለለች። ኮልፌ እያለ ሁለት ክረምት የመርካቶ ታክሲ ላይ ወያላ ሆኖ ሠርቷል። የጠዋት ሰልፍ ምን እንደሆነ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ ታክሲ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቃል። አንድ ቀን ተምሬ ይህን ነገር አስተካክለዋለሁ ብሎ ነው አገር ያቋረጠው። ያንን ሦስት ወር ከልቡ ፈለገው።

ተማሪዎቹ በየተራ ተናገሩ። ኃይለልዑል ጉሮሮውን ጠርጎ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ሲጠቃለል ጉድለት የለበትም ነው። ምንተስኖትም ፈለገ። በሩን አየ፤ ሲጢጥ ሳይል ይዘጋል። እጀታውን ሳብ አደረገ፤ እጁ ላይ አልቀረም። ወንበሩን ተጫነው፤ ሽቦው አልወጋውም። ኧረ ምን ልበል ብሎ ተጨነቀ።

«አንተስ?» አሉት ሚስተር ሊያንግ።

«እየፈለግሁ ነው፣ ጌታዬ።»

«አይዞህ፣ ፈልግ» አሉና ፈገግ አሉ። «ቀጥለን የምንወርደው ምሳ ጋ ነው። እስከዚያ ጊዜ አለህ።»

ምሳው የተዘጋጀበት አዳራሽ በመስኮት ታየ። አስተናጋጆቹ ነጭ ለብሰው በር ላይ ተሰልፈዋል። ሚስተር ሊያንግ የመውረጃውን ቁልፍ ተጫኑ። አውቶቡሱ ግን አልቆመም። ለካ ፌርማታው እዚያ የተተከለው ባለፈው ሳምንት ነው፤ ከተማው ሲያድግ ለአውቶቡሱ የነገረው የለም። ሚስተር ሊያንግ ደግመው ተጫኑ። አንዲት ማር የመሰለች ድምፅ ከጣሪያው «ስለተሳፈሩ እናመሰግናለን» አለች። ሦስተኛ ሲጫኑ አሁንም አመሰገነቻቸው። አዳራሹ፣ ከነአስተናጋጆቹና ከነምሳው፣ ወደ ኋላ ቀረ።

ምንተስኖት ይህን ጊዜ ያለበትን አገር ረሳ። እጁ ሳያዘው ተነሳና የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ሁለቴ መታ። ከዚያ በዚያ የመርካቶ ድምፁ «ወራጅ አለ» ብሎ ጮኸ።

ተማሪው ሁሉ ደንግጦ ዞረ። አውቶቡሱ ምንም ሳይመስለው መንገዱን ቀጠለ። ኃይለልዑል ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«አዋረድከን» አለው ጥርሱን ነክሶ። «እዚህ ድረስ መጥተህ ወያላ ትሆናለህ?» ከዚያም የማያውቀው ሰው ይመስል ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሚስተር ሊያንግ ጠጋ ብለው «ምንድን ነው ያልከው?» ብለው ጠየቁት።

ምንተስኖት አፈረ። ሦስት ወሩም፣ ቢሮውም፣ ከነምሳው በመስኮት የሄደ መሰለው። «የሚወርድ ሰው አለ ማለቴ ነው፣ ጌታዬ። በእኛ አገር እንዲህ ሲባል ታክሲው ይቆማል።»

ሚስተር ሊያንግ ምሳው ቢቆጫቸውም ሳቃቸው መጣ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ሹፌር የለውም እያልኩህ፤ ረዳት የለውም እያልኩህ፤ ታዲያ ማን እንዲሰማህ ነው የምትጮኸው?»

ምንተስኖት ቀና ብሎ አያቸው።

«ጌታዬ፣ ጉድለቱን እኔ ስፈልግ እርስዎ አገኙት።»

ሚስተር ሊያንግ አንድ ጊዜ ጣሪያውን፣ አንድ ጊዜ ልጁን አዩ። ከዚያ ቀድሞ የሳቀው እሳቸው ይሁኑ ተማሪዎቹ አልታወቀም። አውቶቡሱ አራት ፌርማታ አልፎ በራሱ ጊዜ ቆመ። በፀሐይ ወደ ምሳው በእግር ሲመለሱ፣ ሚስተር ሊያንግ ምንተስኖትን ክንዱን ይዘው መንገዱን ሁሉ ስለ ታክሲ ሲጠይቁት ሄዱ። በማግስቱ የሦስት ወሩ ደብዳቤ ተፈረመለት።

በዓመቱ ኃይለልዑል፣ አሁን የምር ዶክተር ሆኖ፣ ለስብሰባ ወደዚያች ከተማ ተመልሶ ሄደ። በዚያው አውቶቡስ ተሳፈረ። መውረጃው ሲደርስ ቁልፉን ቢያይ ሰው ከቦታል፤ በሻንጣና በትከሻ መሀል እጁ አልደርስ አለው። ግራ ቀኙን አየ። ሐበሻ አለመኖሩን አረጋገጠ። ከረባቱን አስተካከለና በቀስታ፣ እንደሚያንሾካሹክ ሰው፣ «ወራጅ አለ» አለ።

አውቶቡሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ያቺ ማር የመሰለች ድምፅም ከጣሪያው፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «እናንተ እዚያ ጋ፣ ለዶክተሩ ጠጋ ጠጋ በሉለት» አለች።