የክት ስም

አንድ ሰው ነበረ፤ ከብቱ በበረት፣ እህሉ በጎተራ የሞላለት፣ ልጅ ግን ያልነበረው።

ቁጭ በል እንጂ ዘውገ፣ ምን ያቁነጠንጥሃል! ጥያቄህን ሰምቻለሁ። ነገ ልጅህ ክርስትና ሊነሣ ነው፤ «የኔታ፣ ከጥንቶቹ የወንድ ልጅ ስሞች ትርጉሙ ከሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው?» ለማለት ይህን ሁሉ ዳገት ወጥተህ መጣህ። ደግ አደረግህ። ፊደል ሳስቆጥርህም እንዲሁ ነበርክ፤ ከ«ሀ» በፊት ዳዊት ልድገም የምትል። መልሱን አልነፍግህም፤ ዝም ብለህ አድምጥ ብቻ።

ሰውየው የኖረው ነገሥታቱ በድንኳን ከአገር አገር በሚዞሩበት በዚያ በጥንቱ ዘመን ነው። ሲለምን፣ ሲሳል ኖሮ፣ ጠጉሩ ሸበት ካለ በኋላ ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደችለት። እልልታው ቀዬውን አናወጠው። ሰውየው በደስታ የሚያደርገውን አጣ፤ በሬ ጣለ፣ ጠጅ አስጠመቀ፣ ተኳርፎት የኖረውን ሁሉ እየዞረ ታረቀ። እስከዚህ ድረስ ምን ይወጣለታል? ስም ፍለጋ ሲነሣ ነው ጣጣው የመጣው።

እንደ አንተ ማለት ነው።

የደብሩ ቄስ፣ «ገብረ ሚካኤል እንበለው፤ የሚካኤል አገልጋይ ማለት ነው» አሉት።

«የእኔ ልጅ የማንም አገልጋይ አይሆንም!» አለ። ኧረ አያድርስ፣ የመልአኩን እንኳ!

«እንግዲያ ይኵኖ አምላክ ይባል፤ አምላክ ይሁንለት ማለት ነው።»

«እሱማ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ስም አይደለም?»

«ዐምደ ሃይማኖትስ? የሃይማኖት ምሰሶ።»

«ምሰሶማ ጥላሸት ይለብሳል።»

ነአኩቶ ለአብ የሚለውን፣ አብን እናመስግነው ማለት ነው፣ እሱን ወድዶት ነበር። አንድ ጨው ነጋዴ ለልጁ ሞክሼ ሊሆንበት መሆኑን ሲሰማ ግን ያንንም ተወው። ቄሱም ትዕግሥታቸው አለቀና «በል አንተው ፈልግ፣ ስትጨርስ ጥራኝ!» ብለውት ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሰውየው በየገዳሙ መልእክተኛ ሰደደ። በመጨረሻ በሐይቅ መካከል የሚኖሩ አንድ ባሕታዊ ስም ላኩለት፤ ይምርሐነ ክርስቶስ። ክርስቶስ ይምራን ማለት ነው። ሰውየው ሲሰማው እንባው ዱብ ዱብ አለ። ልጁም በአርባ ቀኑ በዚሁ ስም ተጠመቀ።

እናቲቱ ልጇን አቅፋ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ፣ «ይምርሐነዬ» ብላ ልታባብለው ጀመረች።

«ተይ!» አላት ባሏ። «የክት ልብስሽን ለብሰሽ እበት ትዝቂያለሽ? ይህም ስም ክት ነው። በየአፉ ሲዞር ያልቃል፤ ቡዳም ይሰማዋል። ለትልቅ ቀን እኔ ራሴ አወጣዋለሁ።» ቄሱንም፣ የልጁን የክርስትና አባትም ስሙን ለማንም እንዳይናገሩ አስማላቸው።

ታዲያ ልጁን ማን ይበሉት? የቤቱ ሰው «አንተ» አለው። «አንተ፣ ና»፤ «አንተ፣ ተው»። እናቱ ስታቆላምጠው ደግሞ «አንተዬ» ትለዋለች። ልጁ በ«አንተ» ዳዴ አለ፣ በ«አንተ» ቆመ፣ በ«አንተ» ሮጠ። ትልቁ ቀን ግን አልመጣም። ፋሲካ ሲደርስ «ለሠርጉ ይሁን» ይላል አባትየው፤ እንደ ንፉግ እመቤት ድግሱን ሁሉ ያለ ወጥ አሳለፈው።

ልጁ ነፍስ ባወቀበት ሰሞን፣ በሰኔ፣ ጥጃ ተከትሎ ከግቢ ወጣ። ወዲያው ጉም ወረደ፤ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን የማታይበት ጉም። ጥጃዋ እምቧ እያለች ተመለሰች፤ ልጁ አልተመለሰም። ከታች ገደል ነው። ቀኑም እየመሸ ነበር፤ ሲመሽ ደግሞ አገሩ የጅብ ነው።

እሪ ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ ዱላውን ይዞ ደረሰ። «ማን ብለን እንጥራው?» አሉ።

እግዚኦ! ያን ሁሉ ስም ሲያማርጥ የከረመ ሰው፣ የልጁን ስም የሚያውቅለት አንድ ጎረቤት አልነበረውም። «አንተ እንዳንል፣ እዚህ ያለነው ሁሉ አንተ ነን» አለ አንድ ገበሬ።

ሰውየው አፉን ይከፍትና መልሶ ይገጥመዋል። ያ ስም በጭቃ መሃል፣ በገበሬ አፍ ሊወጣ! ኋላ ግን የአባት አንጀት ነውና አልቻለም። «ይምርሐነ ክርስቶስ!» ብሎ ጮኸ። «ስሙ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው! ስለ እመብርሃን ጥሩልኝ፣ ሁላችሁም ጥሩልኝ!»

አገር በሙሉ ተቀበለው። «ይምርሐነ ክርስቶስ!» ይላሉ፤ መልስ የለም። ዝም ሲሉ፣ ያው ስም ከጉሙ ውስጥ ቀጠን ብሎ ይሰማል፤ «ይምርሐነ ክርስቶስ!» «የገደል ማሚቶ ነው» አሉና አለፉት። ደግመው ጠሩ፤ ቀጭኑም ድምፅ ደገመ። ሰውየው ጭቃው ላይ ዘጭ ብሎ አለቀሰ።

ያን ጊዜ እናቲቱ ባሏን አልፋ ሄደች። እራት ሲደርስ ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ «አንተዬ! ኧረ አንተዬ!» ብላ ተጣራች።

«አቤት!» አለ ልጁ።

የት ይመስልሃል? እዚያው ከበረቱ ጀርባ፣ ወይራው ሥር ቁጭ ብሏል! አባቱ ሮጦ አፈፍ አደረገው። ሲስመው፣ ሲያገላብጠው፣ ልጁ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣

«አባዬ፣ ሰውየው ተገኘ?» አለው።

«የቱ ሰውዬ?»

«የጠፋው ነዋ! ይምርሐነ ክርስቶስ። እኔም እኮ አብሬያችሁ ስጣራ ነበር፤ እሱ ግን አይመልስም።»

ሰውየው ክው አለ። ቀጥሎ ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁና እንባው ተደባለቀ፤ ጎረቤቱም ዱላውን ተደግፎ ሆዱን እስኪያመው ሳቀ። «ተገኘ ልጄ» አለው አባትየው። «ገና አሁን ተገኘ። አንተ ነህ እሱ።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው! ይምርሐነ ቁርስህን ብላ፣ ይምርሐነ አፍንጫህን ተናፈጥ፣ ይምርሐነ ከዚያ ጭቃ ውጣ! ዶሮ ሲያባርር ሳይቀር ይጠራዋል። ስሙም አላለቀም። ይልቅስ በተጠራ ቁጥር ልጁ «አቤት» እያለ እየሮጠ መጣ።

አየህ፣ ዘውገ? አንተም ያንን ሰው ልትሆን ምንም አልቀረህም። ግእዙን እኔ እፈታልሃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ለልጅህ ግን የስሙ ትርጉም አባቱ ሲጠራው የሚሰማው ነገር ነው። የክት ልብስ በሳጥን ቢከርም ያምርበታል፤ የክት ስም ግን ባለቤቱ ሳያውቀው ይቀራል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሚስትህ ልጁን ስታጠባው ማን ትለዋለች? አትሽኮርመም፣ ተናገር። እንድርያስ? የአባቷ ስም! አንተስ ምን አልካት? «ይህ ተራ ስም ነው፣ ተይው»? አዬ ልጄ! እሺ፣ እንድርያስ ስትለው ልጁ ምን ያደርጋል?

ዞር ይላል? ፈገግም ይላል?

እንግዲያስ ተነሥ፤ ሳይመሽብህ ቁልቁለቱን ውረድ። ስሙ ለልጁ ደርሶታል፤ ልትጠራው የቀረኸው አንተ ነህ።