የአቶ ደርበው ናፍጣ

አቶ ደርበው የአውቶቡስ ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። መናኸሪያው በር ላይ ማደያ ከከፈቱ ወዲህ ከእሳቸው ያልቀዳ ሹፌር ተራ ማግኘት አቃተው። ሁሉም ዝም ብሎ ሲቀዳ አንድ አፉ የማያርፍ ሹፌር ብቻ፣ «ከድልድዩ ማዶ ያለው ማደያ ናፍጣ ይሻላል» እያለ ያወራ ነበር።

ወሬው ሲደርሳቸው አስጠሩት።

«ዛሬ ከእኔ ቀድተህ ትሠራለህ። ከሰዓት እንግዶች ስላሉኝ ማይክራፎን ይዘህ ሁለቱን ናፍጣ ታወዳድርልኛለህ። የእኔ በቁጠባም በጉልበትም እንደሚበልጥ ካልተናገርክ ከነገ ጀምሮ እዚህ መናኸሪያ ድርሽ እንዳትል።»

«ያየሁትን እናገራለሁ» አለና ቀድቶ ወጣ።

ከሰዓት እንግዶቹ ድንኳኑ ሥር ተቀምጠው ሲጠብቁ ሹፌሩ አርፍዶ ደረሰ። ተሳፋሪዎቹም ላባቸውን እየጠረጉ ተከትለውት ገቡ። አቶ ደርበው ፈገግ ብለው ማይክራፎኑን ሰጡት።

«በመጀመሪያ ስለ ቁጠባው ልናገር» አለ ሹፌሩ። «የማዶውን ናፍጣ ስቀዳ ከድልድዩ እስከዚህ ያለው ዳገት ብዙ ይበላብኝ ነበር። ዛሬ በአቶ ደርበው ናፍጣ ያንኑ ዳገት ስወጣ አንዲት ጠብታ እንኳ አልጎደለብኝም።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። አቶ ደርበውም ከወንበራቸው ብድግ ብለው እጅ ነሱ። ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀና ማይክራፎኑን ወደ ተሳፋሪዎቹ ዘረጋ።

«ስለ ጉልበቱ ግን እኔ ብናገር ነውር ነው። እነሱ ይንገሯችሁ፤ የገፉት እነሱ ናቸው።»