አጭሩ የማርሽ ዘንግ

አቶ ወርቅአገኘሁ የሚባሉ ቁጡ ባለሀብት ነበሩ። የስፖርት መኪናቸውን ማርሽ ቶሎ ቶሎ ለመቀያየር ብለው ረጅሙን የማርሽ ዘንግ አስነቀሉና እጅ ብዙ የማያስኬድ አጭር ዘንግ ከውጭ አስመጥተው አስገጠሙ። ዓመት ሳይሞላ ከዘንጉ ሥር ያሉት የካምቢዮው ጥርሶች ተበልተው መኪናዋ ቆመች።

ጎረቤቱ ሁሉ "አጭሩ ዘንግ ነው የጨረሰው" ማለቱን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። ጎረቤቶቹን ግቢያቸው ሰብስበው ዘበኛቸውን አስጠሩት። ዘበኛው አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ጌትዮው በሩ እስኪከፈት መታገሥ አቅቷቸው ማርሹን በንዴት ሲደነቅሩት በየማለዳው ይሰማል።

"አንተ፣ እስቲ ተናገር! ይህን ካምቢዮ ምን በላው? ዘንጉን ከወቀስክ፣ ያስገጠምኩት እኔ ነኝና ሞኝ ነህ ማለትህ ነው፤ ከዚህ ግቢ ትወጣለህ። እጄን ከወቀስክም ትወጣለህ። ዝም ካልክም ያው ነው።"

ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ። እንጀራው ምላሱ ጫፍ ላይ እንደ ቆመ ገብቶታል።

"ጌታዬ፣ ዘንጉ ምንም አላጠፋም። የእርስዎም እጅ ያው የድሮው እጅ ነው" አለ ረጋ ብሎ። "ጥፋቱ የመንገዱ ነው። ድሮ ቁጣዎ ከእጅዎ ተነሥቶ፣ ያን ረጅም ዘንግ ወርዶ ካምቢዮው ጋ እስኪደርስ ትንሽ በረድ ይል ነበር። አሁን መንገዱ አጠረና ከነትኩሱ ይደርሳል።"